ጌጣችንን ሳናውቀው አናጥበው

(ይህ ጽሑፍ በሰፈራችን ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት የሰፈሩ ነዋሪ ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ያነበበ ላላነበበ ይንገር።)



ባለፈው ስብሰባችን መጨረሻ ላይ አንዲት እኅታችን ተነሥታ፣ «ልጄ ከዐረብ አገር ያመጣችልኝ የአልማዝ ቀለበት ደብዝዞብኛል፤ በምን ልጠበው?» ብላ መጠየቋ ይታወሳል። ያን ጊዜ መልሱ ከየአቅጣጫው ዘነበ። አንዱ በአመድ አለ፤ ሌላዋ በሎሚ አለች፤ ሦስተኛዋ በጥርስ ሳሙና፤ አራተኛዋ ደግሞ «በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው» አለች። እኔ ይህን የመጨረሻውን ስሰማ ልቤ ድንግጥ አለ። ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ። ሊቀ መንበራችንም ድንጋጤዬን አይተው ኖሮ፣ «እንግዲያውስ በሚቀጥለው ወር እርስዎ ያስረዱናል» ብለው ሥራውን ጣሉብኝ። ስለሆነም ዛሬ በፊታችሁ ቆሜአለሁ።

እኔ ወርቅ ሠሪ አይደለሁም። ለብዙ ዓመት ሳይንስ ያስተማርሁ፣ አሁን በጡረታ ቤቴ የተቀመጥሁ እናት ነኝ። የምነግራችሁ ከፊሉ ከመጽሐፍ ያገኘሁት፣ ከፊሉ ወርቅ ሠሪዎችንና ብር ሠሪዎችን ጠይቄ የተረዳሁት ነው። የቀረው ግን በገዛ እጄ አበላሽቼ የተማርሁት ነው፤ ከሁሉም የበለጠ የገባኝም እሱ ነው።

ጉዳዩ ለምን ያገባናል?

«የጤፍ ዋጋ እንዲህ ሰማይ በወጣበት ጊዜ የአልማዝ ወሬ ምን ይሠራልናል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጤፍ ይቀድማል። ዳሩ ግን በእኛ አገር ጌጥ መጫወቻ ሆኖ አያውቅም። ጌጥ የሴቷ ገንዘብ ማስቀመጫ ነው። አያቶቻችን ያገኙትን ጠገራ ብር ለብር ሠሪ ሰጥተው አምባር፣ አልቦና ድሪ ያሠሩ ነበር። ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ የምንለው፣ በላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የኦስትሪያ ገንዘብ ነው፤ ከዚያ ዓመት በኋላም እዚያው ቁጥር እንዳለ ለብዙ ዘመን ሲመታ ኖሯል። አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 83 በመቶ ያህሉ ጥሩ ብር ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ አምባሩ ወልቆ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ልጅ ይበላበታል። ወሎ ደግሞ ክፉ ቀን ምን እንደሆነ የሚነገረው አገር አይደለም።

ዛሬ ያ ነገር መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። ከሐይቅ፣ ከውጫሌ፣ ከቢስቲማ ስንትና ስንት ልጆቻችን ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኤምሬትስና ወደ ቤይሩት ሄደው በሰው ቤት ሠርተዋል። ሲመለሱ የብዙዎቹ ጥሪት በሻንጣቸው ውስጥ ያለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በአንገታቸውና በጣታቸው ላይ ያለው ጭምር ነው። እንግዲህ ያች ቀለበት ስትደበዝዝ የምናያት ጌጥ ብቻ አይደለችም። አንዲት ልጅ የሰው ወለል እየወለወለች የቆየችበት ዕድሜ ናት። እሷን በአንድ ብርጭቆ በረኪና ማጥፋት ይቻላል። ዛሬ የምንነጋገረው ይህ እንዳይሆን ነው።

አልማዝ ምን ዓይነት ነገር ነው?

አልማዝ የምትባል ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። እዚህም አዳራሽ ውስጥ ሦስት አልማዞች ተቀምጠው አያለሁ። ድንጋዩን ግን በእጃችን ከያዝነው ገና ቅርባችን ነው፤ ስለዚህ ጠባዩን አናውቀውም።

አልማዝ የከሰል ዘመድ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሁለቱም የተሠሩት ካርቦን ከሚባለው ነገር ነው። ልዩነቱ አልማዝ በምድር ጥልቅ ውስጥ በታላቅ ሙቀትና ጫና ተጨምቆ መሠራቱ ነው። ላቮዚዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1772 የፀሐይን ብርሃን በትልቅ መነጽር ሰብስቦ አልማዝ ላይ ቢያሳርፍበት፣ ድንጋዩ ተቃጥሎ እንደ ከሰል ወደ አየር ሄዷል። ስለዚህ «ቅባቱ ይቃጠልለት» ብሎ ቀለበት ፍም ላይ ማስቀመጥ አይገባም። ፍሙ አልማዙን ባይጨርሰው እንኳ ወርቁን ያበላሻል፤ ድንጋዩንም ያጨልማል።

ከተፈጥሮ ድንጋዮች ሁሉ አልማዝ ጠንካራ ነው። በጥንካሬ መለኪያ 10 ሲያገኝ፣ ወርቅ 3 እንኳ በቅጡ አይሞላም። ይሁንና መጫርን ይቻል እንጂ መመታትን አይችልም። እንደ ማገዶ እንጨት የሚሰነጠቅበት መስመር አለው፤ በዚያ በኩል ከሲሚንቶ ጋር ወይም ከሙቀጫ ጋር ቢጋጭ ይፈረከሳል። ሙቀጫና ዘነዘና ስንይዝ፣ ልብስ ስናጥብ ቀለበታችንን እናውልቅ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ አልማዝ ውኃን ገፊ፣ ቅባትን ወዳጅ ነው። ውኃ አይጣበቅበትም፤ ቅባት ግን ወዲያው ይይዘዋል። በደቡብ አፍሪካ በኪምበርሊ የአልማዝ ማውጫ ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህን ጠባዩን ለሥራ ተጠቅመውበታል። ቅባት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ የተፈጨውን ድንጋይ ከውኃ ጋር ሲለቁት፣ ተራው ድንጋይ ከውኃው ጋር ይሄዳል፤ አልማዙ ግን ቅባቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

እስቲ ይህን ወደ ወጥ ቤታችን እናምጣው። ወጥ እናቁላላለን፤ ቅቤ እናነጥራለን፤ ምጣዱን በጎመን ዘር እናስሳለን፤ ሕፃን በቫዝሊን እናሻለን፤ ፀጉራችንን ቅቤ እንቀባለን። ወይባ የምንሞቅም አለን፤ የጢሱ ወዝ ጌጣችን ላይ ይቀመጣል። ቀለበቷ በጣታችን ሆና ይህን ሁሉ ቀን ከሌት ትጠጣለች። ስለዚህ አልማዙ ደበዘዘ ስንል አረጀ ማለት አይደለም። ቅባት ለብሶ ብርሃን ማሳለፍ አቅቶት ነው። ቅባትን የሚያነሣው ደግሞ በረኪና አይደለም፤ አመድም አይደለም። ሳሙና ነው። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው።

እኔ ላይ የደረሰው

አሁን ያቆየሁትን ልንገራችሁ። ልጄ ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርታ ስትመለስ አንዲት የነጭ ወርቅ ቀለበት ይዛ መጣች። መካከሏ ላይ ከምስር ፍሬ የምታንስ አልማዝ አለች። «እማዬ፣ ለሠርጌ ነው የገዛኋት፤ አስቀምጪልኝ» ብላ ሰጠችኝ። እኔም እያደርሁ አወጣና አደርጋታለሁ። ምን ይደረግ፤ ልጄ የሰጠችኝ መስሎ ይሰማኝ ነበር።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ባያት ደብዝዛለች። ጥፋቱ የእኔ የቅቤ እጅ ነው። ደንግጬ፣ ነጠላ የሚያነጣ ነገር ነጭ ወርቅንም ያነጣል ብዬ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኋት። በማግሥቱ ብዙም ለውጥ የላትም። ደገምኋት፤ ሠለስኋት። ሳይንስ ያስተማርሁ ሰው ነኝ ብያችሁ የለ? እውቀት ከማስታወሻ ደብተር ወደ ወጥ ቤት ሳይሻገር ሲቀር እንዲህ ነው።

የሠርጉ ዕለት ከቀትር በፊት፣ ልጄ እጇን ስታነሣ ቀለበቷ ላይ ድንጋዩ የለም። ድንኳኑ ሲፈርስ ጉዝጓዙን ሣር ሰብስበን በወንፊት አበጠርነው። ጎረቤት ሁሉ በባትሪ ፈለገ። አልተገኘም።

ኋላ ቀለበቷን ደሴ ወስጄ ለወርቅ ሠሪ አሳየሁ። በማጉያ መነጽር አይቶ እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ነጭ ወርቅ ንጹሕ ወርቅ አይደለም፤ ከኒኬል ወይም ከሌላ ብረት ጋር የተቀላቀለ ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ወርቁን ከያዘው ብረት ጋር ያጣላዋል፤ ዐይን በማያየው ስንጥቅ ይሰነጥቀዋል። በተለይ ድንጋዩን የሚይዙት ቀጫጭን ጥፍሮች እንደ ደረቅ ጭራሮ ይሆናሉ። ትንሽ ሲነኩ ቀጭ ይላሉ። «አልማዙ ምንም አልሆነም ነበር፤ የሚይዘውን እጅ ነው የቆረጣችሁበት» አለኝ።

ልጄ ምን አለች? «እማዬ፣ ተይው፤ ዋናው ጤና ነው» አለችኝ። ከዚያ ቃል ይልቅ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በቤት ውስጥ እንዴት እናጥባለን?

የሚያስፈልገው ዕቃ በየቤቱ ያለ ነው፤ ይኸውም ሁለት ጎድጓዳ ሳህን፣ ለብ ያለ ውኃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ነው። ይህ አጣጠብ አልማዝ ላለበትም፣ ድንጋይ ለሌለው የወርቅ ቀለበትና ሐብልም ይሆናል።

1ኛ. ከማጠብ በፊት እንፈትሽ። ቀለበቱን ጆሮአችን አጠገብ አድርገን በጣታችን ቀስ ብለን መታ መታ እናድርገው። ድንጋዩ ከተንቀጫቀጨ ጥፍሩ ላልቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አናጥበው፤ ወርቅ ሠሪ ያጥብቀው።

2ኛ. ቧንቧ ሥር፣ ፍሳሽ ላይ ወይም ሜዳ ላይ ፈጽሞ አናጥብ። ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ከሥሩ ጨርቅ እናንጥፍ። ድንጋይ ቢወልቅ እንኳ ሳህኑ ውስጥ ይቀራል።

3ኛ. ውኃው ሕፃን የሚታጠብበትን ያህል ለብ ይበል። የፈላ ውኃ አይሆንም። ከፈሳሹ ሳሙና ጥቂት ጠብታ ጨምረን ቀለበቱን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እንዘፍዝፈው። ቅባቱ በዚህ ጊዜ ይላቀቃል።

4ኛ. በብሩሹ ቀስ ብለን እናሸው። ሰው ሁሉ የሚያሸው ከላይ ነው፤ ቅባቱ የሚከማቸው ግን ከሥር፣ ድንጋዩ ከጣት ጋር በሚገናኝበት በኩል ነው። ብሩሹን ከጀርባው በኩል እናስገባ። የብዙ ቀለበት ብርሃን የሚመለሰው በዚህ ነው።

5ኛ. በሁለተኛው ሳህን በንጹሕ ለብ ያለ ውኃ እናለቅልቀው። የታጠበበትን ውኃ ከመድፋታችን በፊት በጨርቅ እናጥልለው፤ ድንጋዩም በቦታው መኖሩን እንይ።

6ኛ. በጥጥ ጨርቅ አድርቀን ለብቻው እንጠቅልለው። አልማዝ ከሌላ ጌጥ ጋር በአንድ ከረጢት ከታሰረ ሌላውን ሁሉ ይጭረዋል፤ ወርቁንም፣ አልማዝ ጓደኛውንም ጭምር።

በወር አንድ ጊዜ እንዲህ ብናደርግ ይበቃል። ከዚህ በላይ ማብዛት አያስፈልግም።

የማንጠቀምባቸው ነገሮች

በረኪናን ከላይ አይተነዋል። አንድ ነገር ልጨምር። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር የሚቀላቅል ሰው የሚያወጣው ጋዝ ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው። ይህ ከጌጥ በላይ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ልጆቻችንም ይወቁት።

የጥርስ ሳሙና፣ አመድ፣ አሸዋና የዱቄት ሳሙና የሚያጸዱት በመፋቅ ነው። አልማዙን አይጭሩትም፤ የያዘውን ወርቅ ግን ይጭራሉ። የወርቅ ቅብ ከሆነማ ቅቡን ጠርገው ይወስዱታል። ነጭ ወርቅም ብዙውን ጊዜ በላዩ ሮዲየም የሚባል ብረት ይቀባል። በጊዜ ብዛት ያ ቅብ ሲያልቅ ወደ ቢጫ ያደላል። ይህ እድፍ አይደለም፤ ብንፈገፍገው ይብሳል። ወርቅ ሠሪ እንደገና ይቀባዋል።

ሎሚና አቼቶ ለሉልና ለመርጃን ጠላት ናቸው። ሁለቱም ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ስላላቸው አሲድ ይበላቸዋል።

የብር ጌጥስ?

የእናቶቻችን የብር መስቀል፣ አልቦና ድሪ የሚጠቁረው በቅባት ምክንያት አይደለም። በአየርና በጢስ ውስጥ ያለ ድኝ ከብሩ ጋር ሲዋሐድ ነው። እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ሱፍና ላስቲክ ይህን ያፋጥናሉ። ብርን በላስቲክ አስሮ ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም የሚባለው ስለዚህ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ያ ጥቁር ነገር ራሱ ውስጡ ብር አለው። በአመድ ስንፈገፍገው ከጥቁሩ ጋር ብሩንም ይዘን እንሄዳለን። በየዓመቱ ለበዓልና ለዒድ የተፈገፈገ ጌጥ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የተቀረጸበት ሐረግ ጠፍቶ እንደ ወንዝ ጠጠር ልሙጥ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የእኔ አያት መስቀል እንዲህ ነው፤ የቱ በኩል ፊቱ እንደሆነ አይታወቅም።

ብሩን ሳያጎድል ጥቁሩን የሚያነሣ ዘዴ አለ። ሳህን ውስጥ የአልሙኒየም ወረቀት እናነጥፋለን። ብሩን ወረቀቱን እንዲነካ አድርገን እናስቀምጣለን። በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠን እናፈስበታለን። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፤ አናምታታው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የግም እንቁላል ሽታ ይሸታል፤ ጥቁሩም እየለቀቀ ይሄዳል። ድኙ ብሩን ትቶ ወደ አልሙኒየሙ ሄደ ማለት ነው፤ ብሩ ግን በቦታው ይቀራል። ከዚያ አለቅልቆ ማድረቅ ነው።

ይህ ዘዴ የማይሆንባቸውም አሉ። ድንጋይ ወይም ዶቃ ያለበት፣ በክር የተሰካ፣ በማጣበቂያ የተያዘ ጌጥ በሙቅ ውኃ አይዘፈዘፍም። የብር ሠሪው ሐረጉ እንዲታይ ሆን ብሎ ያጠቆረው ቀረጻም አለ። እሱን ማንጻት የሰውየውን ሥራ ማጥፋት ነው። እንዲህ ላለው ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። እናቶቻችን በአንገታቸው የሚያስሩት ቢጫ የአምበር ዶቃም ሙጫ ነው፤ በሚሊዮን በሚቆጠር ዓመት የደረቀ የዛፍ ሙጫ። አልኮልና ሽቶ ያበላሸዋል፤ ሙቀትም ይጎዳዋል። ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ወዲያው ማድረቅ ነው።

የራሳችን ድንጋይ፣ የደላንታው ኦፓል

ከልጄ ቀለበት ድንጋዩ ከጠፋ በኋላ ባዶ ቦታውን በምን እንሙላው ብለን ስንመክር፣ «አገራችን ያፈራው ድንጋይ እያለ ሌላ ለምን?» አለች። እውነቷን ነው። እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ በ2008 እ.ኤ.አ. ኦፓል ተገኝቶ ዛሬ «የወሎ ኦፓል» እየተባለ በዓለም የጌጥ ገበያ ይታወቃል። ሲያገላብጡት አረንጓዴው፣ ቀዩና ሰማያዊው እንደ እሳት ይጫወታል። የሚያወጡትም ወጣቶች ገደል ላይ ተንጠልጥለው፣ ዋሻ እየቆፈሩ ነው፤ ናዳ የበላቸውም አሉ። ስለዚህ ይህም ድንጋይ የሰው ልፋት ያለበት ነው።

ነገር ግን ስለ አልማዝ የነገርኋችሁን ሁሉ ለኦፓል ገልብጡት። አልማዝ ውኃን ሲገፋ የወሎ ኦፓል ይጠጣል። ውኃ ውስጥ ብትከቱት እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ቀለሙ ይጠፋል። ሰው ደንግጦ ተበላሸ ይላል። ትዕግሥት ካለው ግን ድንጋዩ በጥላ ተቀምጦ በራሱ ጊዜ ሲደርቅ፣ በቀናትም በሳምንታትም፣ ቀለሙ ይመለሳል። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ፀሐይ ወይም ምድጃ አጠገብ ማድረግ ግን ይሰነጥቀዋል። የባሰው ደግሞ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሽቶና ሂና ነው። ከውኃ ጋር ወደ ውስጥ ከገቡ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ነጩ ድንጋይ ቢጫ ሆኖ ይኖራል።

ስለዚህ ኦፓል አይዘፈዘፍም። በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ግድ ከሆነ በጥቂቱ በራሰ ጨርቅ። ወጥ ቤት ሲገባ፣ ፀጉር ሲቀባ፣ ወይባ ሲሞቅ ይወልቃል። አልማዝን ያዳነ ሳሙና ኦፓልን ያጠፋል ማለት ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ ከማጠባችን በፊት ምን እንደያዝን እንወቅ።

በር ለሚያንኳኳ አጣቢ

ከማብቃቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። በህንድ አገር «ወርቅ እናጥባለን፣ ብር እናነጣለን» እያሉ ቤት ለቤት የሚዞሩ አታላዮች ብዙ ሴቶችን አራቁተዋል። የሚያመጡት ፈሳሽ ወርቅን የሚያሟሟ አሲድ ነው። ባለቤቷ ፊት ይነክሩታል፤ ወርቁ አብረቅርቆ ይወጣል፤ እሷም ታመሰግናለች፤ ከፍላም ትሸኛለች። ከጌጧ ላይ የሟሟው ወርቅ ግን በፈሳሹ ውስጥ ሆኖ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። እኛም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ከመጣ በር ላይ ጌጥ አውልቀን አንስጥ።

ለጥንቃቄ ደግሞ፣ ያለንን ጌጥ ታማኝ ወርቅ ሠሪ ዘንድ አስመዝነን ግራሙን እንጻፍ። የተገዛበትን ደረሰኝ ከመታወቂያችን ጋር እናስቀምጥ። በስልክም ፎቶ እናንሣው። ለጥገና ስንሰጥም ከመስጠታችን በፊትና ከተቀበልን በኋላ ይመዘን። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ ሐቀኛውን ወርቅ ሠሪም ከሐሜት ያድነዋል።

ልጄ አሁን የምታደርገው ቀለበት ያው የድሮው ነው፤ ጥፍሮቹ ታድሰው የደላንታ ኦፓል ተቀምጦበታል። ወጥ ቤት ስትገባ አውልቃ ለእኔ ትሰጠኛለች። «በረኪናውን ደብቂ» ትለኛለች፤ እንስቃለን። እናንተ ግን እንድትስቁበት ሰባት ዓመት አትክፈሉ።



ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹ

ጥያቄ፦ ድንጋዩ እውነተኛ አልማዝ መሆኑን ቤት ውስጥ በምን እናውቃለን? መስታወት ከጫረ አልማዝ ነው ይባላል።

መልስ፦ መስታወት የሚጭር ድንጋይ ብዙ ነው፤ ተራ የኳርትዝ ጠጠር እንኳ ይጭራል። ሙከራው ድንጋዩን ከጥፍሩ ያላቅቀዋል እንጂ አይነግራችሁም። መሣሪያ ላለው ባለሙያ ማሳየት ነው። አልማዝ ሆኖ ባይገኝም ደግሞ አጣጠቡ ያው ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ነው፤ ኦፓል፣ ሉል ወይም መርጃን ካልሆነ በስተቀር።

ጥያቄ፦ ወርቁ 21 ካራት ነው፤ በረኪና ይችላል?

መልስ፦ 21 ካራት ማለት ከመቶ 87 ተኩል እጅ ወርቅ ማለት ነው፤ 18 ካራት ደግሞ 75 እጅ። ወርቁ በበዛ መጠን ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የተበየደበት ቦታና ጥፍሩ ሌላ ቅልቅል ስለሚኖረው በረኪና ለየትኛውም አይሆንም። ቤት ስናጸዳም ጓንት እናድርግ፣ አለዚያ ቀለበቱን እናውልቅ።

ጥያቄ፦ በሳሙና ፋንታ እንዶድ ይሆናል ወይ? ድሮ ነጠላችንን ያነጣልን ነበር።

መልስ፦ እንዶድ አረፋው እንደ ሳሙና ነው፤ ለነጠላ ባለውለታችን ነው። ለጌጥ ግን ፍሬው ተፈጭቶ የሚቀረው ገለባ ጥፍሩ ሥር ይሸጎጣልና ፈሳሹ ሳሙና ይሻላል። ሌላም ነገር አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዶድ የታጠበበት ውኃ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስተውለው ለዓለም አስታውቀዋል። ዓሣንም ይገድላል። እኛ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች ነንና የእንዶድ እጣቢ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ ላይ አንድፋ።